ያልታረቁ ሁለት መዝገቦች

በባንክ ቤት ሥራዬ ሒሳብ ማስታረቅ ነው። ሁለት መዝገቦች ሲለያዩ የሚታረመው ወረቀቱ እንጂ ባለቤቱ አይደለም ብዬ አምናለሁ። የእንግሊዛዊው የማይክል ዲሎን ታሪክ የሚከነክነኝም ስለዚህ ነው።

ዲሎን እ.ኤ.አ. በ1915 ሲወለድ ሴት ተብሎ ተመዘገበ፤ በኦክስፎርድም በሴቶች ኮሌጅ ተማረ። ኋላ በሕክምና ወደ ወንድ ጾታ ተሸጋገረ፤ በ1944 የልደት መዝገቡ ታረመለት። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ሕክምና ሊማር ሲነሣ ግን አሮጌው የትምህርት ማስረጃ ምስጢሩን ሊያወጣበት ሆነ። ደግነቱ ኦክስፎርድ ውስጥ ጭንቀቱን የተረዳ ሰው ተገኘ፤ ማስረጃው የወንዶቹ የብሬዝኖዝ ኮሌጅ ምሩቅ እንዲለው ተደርጎ ተስተካከለ። በ1951 ሐኪም ሆነ።

በ1958 ግን የመኳንንትን የዘር ሐረግ ከሚያትሙ ሁለት መጻሕፍት አንዱ የባለማዕረጉ ወንድም፣ ሌላው እኅት ብለው አስፍረውት ተገኙ። ጋዜጠኞች ልዩነቱን ተከትለው ምስጢሩን አደባባይ አወጡት። ወደ ሕንድ ሸሸ፤ ቡድሂስት መነኩሴ ሆኖ በ1962፣ በ47 ዓመቱ፣ በዚያው ዐረፈ። መጻሕፍቱ አልታረቁም፤ የተሰደደው ሰውየው ነው።

ትናንት ስማቸው በአንዲት ፊደል ስለተለየ አንድ አዛውንት ከመስኮቴ መለስሁ። ሌሊቱን ዲሎንን ሳስብ አደርሁ።