ከቆላ ድባ እስከ ቅዳሜ ጥናት፦ የበጎ አድራጎት ክበባችን ታሪክና ያስተማረን

ለዚህ የምሩቃን መገናኛ መጽሔት ስለ ተማሪዎች የበጎ አድራጎት ክበብ እንድጽፍ ስጠየቅ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። በየመስከረሙ ስንት ደብተር እንዳደልን፣ ስንት ልጅ እንዳስጠናን ዘርዝሬ፣ ሁለት ፎቶ ጨምሬ መላክ ነው ብዬ። እስክርቢቶ ይዤ ስቀመጥ ግን ፊቴ ላይ ድቅን ያለችው አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነች። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ለምን እንደማልጽፍ ወደ በኋላ ትረዱኛላችሁ። ከእሷ በፊት ግን ክበቡ ከየት እንደመጣ ልናገር፤ ታሪኩ ከእኛ አርባ ዓመት በላይ ቀድሞ ይጀምራልና።

በ1945 ዓ.ም. ገደማ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ባለው የደምቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። አገሪቱ ያኔ የነበራት ሐኪም እጅግ ጥቂት ነበር። ሐኪም እስኪበዛ ይጠበቅ ቢባል ገበሬው አይተርፍም። እንግዲህ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተከፈተው በዚህ ጭንቀት መካከል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት የርዳታ ድርጅት ደግፈውታል። የሚሠለጥኑት ጤና መኮንኖች፣ ኮሚኒቲ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ነበሩ።

የዚያን ኮሌጅ ልዩ የሚያደርገው ሦስቱን ሙያ በአንድ ግቢ ማስተማሩ ብቻ አይደለም። ተማሪዎቹን በቡድን አድርጎ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ የወረዳ ከተሞች ይልካቸው ነበር። ቡድኑ እዚያው ይኖራል፤ ቤት ለቤት ይዞራል፣ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ትምህርት ቤት ገብቶ የልጆቹን ዓይንና ቆዳ ያያል። በእኛ ጊዜም "ቲም ትሬኒንግ" እያልን የወጣንበት ነው። ብዙዎቻችሁ የካምፕ አልጋችሁን፣ የተፈራረቃችሁበትን የወጥ ቤት ተራና የውሻውን ጩኸት እንደምታስታውሱ አልጠራጠርም። ከዚያ ሁሉ የሚቀረው ትምህርት ግን አንድ ነው፦ ሰው ታሞ እስኪመጣ ቁጭ ብለህ አትጠብቅ፤ አንተ ሂድና ደጁን እየው።

ተማሪ ወደ ሕዝብ ይውጣ የሚለው ሐሳብ በኮሌጃችን ብቻ አልቀረም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ "የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት" የሚባለውን ጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግላል፤ አብዛኛውም በአስተማሪነት ነበር የሚመደበው። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ላከ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ያኔ ያስተማሩና የተማሩ ሰዎች ዛሬም በየቤታችን አሉ። እናቴ ስሟን መጻፍ የቻለችው በዚያ ዘመቻ ነው፤ ያስተማራት ልጅ ከእሷ በዕድሜ ያንስ ነበር።

እነዚህን ዘመቻዎች ማናናቅ አልፈልግም። ግን ታሪክ ነውና የጻፍኩት፣ አንድ ነገር ልበል። ዘመቻ ከላይ ታዝዞ ይመጣል፣ ሲያበቃም አብሮ ይሄዳል። ዘማቹ ዕቃውን ጠቅልሎ ሲመለስ ፊደል የለየው ልጅ የሚያነበው ነገር አጥቶ ፊደሉን ይረሳል። በየዓመቱ የሚደገም ትንሽ ሥራ ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው፤ ያጠፋኸውን በሚመጣው ዓመት የማረም ዕድል ይሰጥሃል። የእኛ ክበብ ዋጋውም ይኸው ነው።

እኔ ጎንደር የገባሁት በ1992 ዓ.ም. ነው። ግቢው ገና የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ይባል ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1996 ዓ.ም. እኛ እዚያው እያለን ነው። ክበቡ ቢሮ አልነበረውም። የነበረው አንድ የብረት ሳጥን፣ አንድ ጠንካራ ጀርባ ያለው መዝገብና ከፍተኛ ተማሪዎች ለጀማሪዎች የሚያወርሱት ልማድ ነው። ሰኔ ላይ ፈተና ሲያልቅ ከየዶርሙ ያለቁ ደብተሮችን እንሰበስባለን። ያልተጻፈባቸውን ቅጠሎች ገንጥለን፣ በመርፌና በሲባጎ ሰፍተን አዲስ ደብተር እናወጣለን። ከኪስ ገንዘባችን ሳንቲም እያዋጣን እስክርቢቶ እንገዛለን። መስከረም ላይ በአቅራቢያችን ላሉ ትምህርት ቤቶች እንሰጣለን። ከዚያ በየቅዳሜው ጠዋት ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሳይንስ እናስጠናለን።

ዘመኑ ክፉ ነበር። በዋርድ ውስጥ የምናያቸው ብዙዎቹ ሕሙማን የኤችአይቪ ሕሙማን ነበሩ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ከፍሎ መግዛት ለማይችል ሰው የምንሰጠው የሳንባ ነቀርሳና የተቅማጥ መድኃኒት፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ማጽናኛ ነበር። አባት ይሞታል፣ ዓመት ሳይሞላ እናት ትከተላለች። ልጆቹ ከአያት ጋር ይቀራሉ። ስለዚህ ክበቡ ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች ቅድሚያ እንስጥ ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነበር። የተሳሳተው አፈጻጸሙ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

የክበቡ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ መስከረም፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ተማሪው ሁሉ በሰልፍ እንደቆመ ርክክቡ ይሁን ተባለ። እኔም ደስ አለኝ። ካሜራ ተውሰን ነበር የመጣነው። ዝርዝሩን ይዤ ደረጃው ላይ ወጣሁና "ወላጆቻቸውን ያጡ ተማሪዎች" ብዬ ስም መጥራት ጀመርኩ። ልጆቹ አንድ በአንድ እየወጡ ስድስት ስድስት ደብተር ተቀበሉ፤ ተጨበጨበላቸው። አንዷ ግን ስሟ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ አልወጣችም። ጓደኞቿ ዞረው አዩዋት። መሬት መሬት እያየች ቆመች።

ሰልፉ ሲበተን ደብተሯን ይዤ ፈለግኋት። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። "ዶክተር፣ ደብተሩን እፈልገዋለሁ። ስሜን ግን ለምን በሰው ፊት ጠሩት?" አለችኝ። ያኔ ዶክተር አልነበርኩም፤ ልጆቹ ነጭ ጋውን ያየን ሁሉ ዶክተር ነበር የሚሉን።

መልስ አልነበረኝም። በዚያን ዘመን በጎንደር ሰፈር ውስጥ "እናትና አባቷ በአንድ ዓመት ሞቱ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በሽታው ሳይጠራ ይሰማል። እኔ በክፍል ውስጥ የሕመምተኛን ምስጢር ስለ መጠበቅ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ አልፌ ነበር። ሆኖም የአንዲትን ልጅ የቤት ኀዘን በጭብጨባ ታጅቤ ለትምህርት ቤት ሙሉ አወጅኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለጥናት አልመጣችም። ከዚያም ከክፍል ቀረች።

ከስም ጠሪ መምህሯ ጋር ቤቷ ሄድን። አያቷ በር ላይ ተቀብለው አስቀመጡን፤ ቡናም አፈሉ። ይቅርታ ስጠይቃቸው "ልጄ፣ ክፉ አስበሽ አይደለም" አሉኝ። "ግን እኛ ቤት ድኻ ነን እንጂ ገበያ አይደለንም።" ይህን ቃል ዛሬም ድረስ አልረሳሁትም። ልጅቱ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ክፍሏም ወደ ቅዳሜው ጥናትም ተመለሰች፤ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ስሟንም ማንም አልጠራውም።

ከዚያ በኋላ ክበቡ ሦስት ነገር ቀየረ።

አንደኛ፣ ርክክብ ቀረ። ደብተሩን ለስም ጠሪ መምህራን እንሰጣለን፤ እነሱ ለሚያውቁት ልጅ በሚያውቁት መንገድ ያደርሳሉ። ሲባጎ የተሰፋውንም ደብተር ተውነው። ከሩቅ "የርዳታ ደብተር" መሆኑ ይለያልና፣ ብዛቱ ቢቀንስም ከሱቅ የሚገዛውን እንደ ማንኛውም ልጅ እንዲይዙ አደረግን። የሰፋነውን ለቅዳሜው ጥናት መለማመጃ አዋልነው፤ እዚያ አስጠኚውም ተማሪውም አንድ ዓይነት ደብተር ላይ ይጽፋል።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ ተቀየረ። ቀድሞ የነበሩት ዓምዶች "ስም፣ ክፍል፣ የተሰጠ" የሚሉ ነበሩ። የሰጠነውን እንጂ የሆነውን አይናገሩም። እኛ ደግሞ የሕክምና ተማሪዎች ነን፤ ለአንድ ሕመምተኛ መድኃኒት ጽፎ ሳይመለሱ መቅረትን የሚፈቅድ አስተማሪ አልነበረንም። ስለዚህ "ጥር" እና "ሚያዝያ" የሚሉ ሁለት ዓምዶች ጨመርን፦ ልጁ በእነዚህ ወራት ክፍል ውስጥ አለ ወይስ የለም? ጥር የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ማብቂያ ነው፤ ፈተና የወደቀ ልጅ ተስፋ የሚቆርጥበት። ሚያዝያ ደግሞ የመስከረሙ ደብተር ያለቀበት፣ በየቤቱም እጅ የሚያጥርበት ጊዜ ነው። እንዳየነውም ብዙዎቹ የሚቀሩት መስከረም ላይ ደብተር አጥተው አልነበረም። አንዷ ታናናሾቿን ትጠብቃለች። አንዷ ወር አበባዋ ሲመጣ የምትጠቀምበት ነገር ስለሌላት በየወሩ ሦስት አራት ቀን ትቀራለች፤ በዚያው ትምህርቱ ይቀድማታል፣ በዚያው ትተዋለች። አንዱ ቀን ሊስትሮ ይሠራል፤ ማታ ለማጥናት መብራት የለውም።

ሦስተኛ፣ የምናውቀውን ሙያ ይዘን ሄድን። ባለ "ኢ" ቅርጽ የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ተውሰን፣ ስድስት ሜትር በገመድ ለክተን፣ የቅዳሜ ተማሪዎቻችንን ዓይን አየን። ሰነፍ ነው፣ ከሰሌዳ አይገለብጥም የሚባል አንድ ልጅ ነበር። ለካ ሰሌዳው ጭራሹኑ አይታየውም! የዓይን ክሊኒክ ወስደነው መነጽር ተሠራለት። መነጽሩን ባደረገበት ቀን በመስኮት የዛፉን ቅጠል አንድ በአንድ ሲቆጥር አስታውሳለሁ። ከጣና ዳር አካባቢ የመጡትን ደግሞ ለብልሃርዝያ እንዲመረመሩ እንልክ ነበር፤ ልጅ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው በስንፍና ብቻ አይደለምና። ይህ ሁሉ እንግዲህ አዲስ አልነበረም። በ1947 የጀመረው ኮሌጅ ቆላ ድባ ላይ ያስተማረው ራሱ ነው፤ እኛ ረስተነው፣ አንዲት ልጅ አስታወሰችን።

ያቺ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪዋን ወስዳ አልፋለች። ውጤቷን ልትነግረኝ የመጣችው ማንም ሳይኖር፣ የዋርዱ ኮሪደር ላይ ነው። እኔም ጮክ ብዬ እንኳን ደስ አለሽ አላልኳትም። እጇን ጨበጥኳት፤ ሳቀች፤ ሄደች።

ዛሬ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል። በክሊኒኬ በቀን ብዙ ሰው አያለሁ። ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ፊት የሕመምተኛን ስም እንጂ ጉዳይ አልጠራም፤ አዲስ የሚቀጠሩ ነርሶችንም መጀመሪያ የማስተምራቸው ይህንኑ ነው። ከየት እንደተማርኩት አልነግራቸውም ነበር። ይኸው አሁን ነገርኳችሁ።

ውድ የግቢያችን ልጆች፣ መምህሮቻችንም፦ እንደምታውቁት ባለፉት ዓመታት በኮቪድ፣ ከዚያም በጦርነቱና በግጭቱ ምክንያት በክልላችን እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ዓመታት የባከኑባቸው ልጆች አሉ። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት ከአምስተኛ ክፍል መጀመር የሚያፍር ልጅ አለ። ለዚህ ልጅ የመስከረም ርክክብና ፎቶ አይበቃውም፤ እንዲያውም ያርቀዋል። የሚያስፈልገው ሳያሳፍር የሚያስጠናው ሰው፣ ጥር ላይም ሚያዝያ ላይም "አለ ወይ?" ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው።

በዚህ መገናኛ ላይ መዋጮ እንደሚሰበሰብ ሰምቻለሁ፤ እኔም የድርሻዬን አደርጋለሁ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ገንዘቡ መስከረም ላይ ባንዴ አይለቅ፤ ግማሹ ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ይቆይ። የልጆቹ ስም ዝርዝርም በስም ጠሪ መምህሮቻቸው እጅ ይቅር፤ ለለጋሽ አይላክ፣ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ፣ በሚቀጥለው ዓመት መጽሔትም ላይ አይውጣ። መጽሔቱ ላይ ፎቶ ከተፈለገ የእኛን ይለጥፍ፤ ሸብተንም ቢሆን።

በሰላም ያገናኘን።