ስለ ራያ ሕዝብ አመጣጥና ጠባይ

ከወልድያ ወደ ሰሜን ተጕዞ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ የሚደርስ መንገደኛ፣ ስለ አገሩ ሰው አስቀድሞ የሰማው አንድ ፍርድ አለ፤ ይኸውም «ራያ ጦረኛ ነው፤ ነገሩም በደሙ ያለ ነው» የሚል ነው። ይህን ቃል የተማሩ ሰዎች እንኳ ሳይመረምሩ ሲቀባበሉት ይሰማል። ደም የተባለው ከየት እንደ መጣ ግን ታሪክን መጠየቅ ይገባል።

ኦሮሞ ወደዚህ ቆላ ሳይደርስ በፊት፣ በዚህ ወገንና ከዚህም በስተሰሜን ይኖሩ የነበሩት ዶባ የሚባሉ ከብት አርቢዎች ናቸው። ዐፄ በእደ ማርያም (ከ1460 እስከ 1470 ዓ.ም. የነገሡት) እንደ ዘመቱባቸው፣ ኋላም ክርስትናን እንደ ተቀበሉ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ከዚያም 50 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ወደ አገራችን የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚያ ወሰን ሲያልፍ የሰማውን ጽፏል። ከዶባ ወገን የሆነ ወንድ 12 ክርስቲያን መግደሉን ካላስመሰከረ ሚስት አያገባም ይላል። እኔ ቍጥሩን አላምነውም፤ የጎረቤት ወሬ ከመንገድ ላይ ይፋፋልና። ነገር ግን አንባቢ ልብ ይበል፤ ዛሬ በራያ ላይ የሚነገረው ቃል ያን ጊዜ በሌላ ሕዝብ ላይ ይነገር ነበር።

ራያ የተባለው የኦሮሞ ነገድ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በመጣ ጊዜ አገሩን ባዶ አላገኘውም፤ ባዶም አላደረገውም። ከቀድሞው ሰው ጋራ፣ ከላስታ ከወረደው አገው ጋራ፣ ከትግሬውና ከአማራው ጋራ ተጋባ፤ በምሥራቅም ከአፋር ጋራ ሲዋጋና ሲታረቅ ኖረ። ስሙ የኦሮሞ ሆኖ ቀረ፤ አፉ ግን በቆቦ አማርኛ፣ ወደ ማይጨው ሲጠጉ ትግርኛ ሆነ። ቆቦ የሚለው ቃል ራሱ በኦሮምኛ ጕሎን ይጠራል። በራያና በአፋር መካከል ደም ሲፈስ የሚያስታርቁት ሽማግሌዎች ደግሞ በትግርኛ «አቦ ገረብ» ይባላሉ። በአንድ ዘር ውስጥ ክርስቲያንና እስላም አለ፤ ለሰርግ ለየብቻ ይታረዳል፣ እልልታው ግን አንድ ነው። የሲያም ሕዝብ ከታይ፣ ከሞን፣ ከክመርና ከቻይና ተቀላቅሎ አንድ እንደ ሆነ ስናነብ እንደነቃለን፤ በደጃችን ያለውን ግን አናየውም።

እንግዲህ ሰዎቹ ተለውጠው ወሬው ካልተለወጠ፣ ምክንያቱን ከደም ይልቅ ከምድሩ መፈለግ ይሻላል። ሜዳው በላስታ ተራሮችና በዞብል መካከል ተዘርግቷል፤ ከዞብል ወዲያ የአፋር በረሓ ነው። ከብት ያለው ሰው በዚህ ወሰን ያለ መሣሪያ አያድርም። ይኸው ባለጦር ግን በክረምት የደጋው ጎርፍ ሲወርድ ከጎረቤቱ ጋራ ወጥቶ ውሃውን ወደ ማሽላው ይጠልፋል፤ ይህም ሥራ በአንድ ሰው ጕልበት አይሆንም። ይህን የትብብር ጠባዩን ግን የጻፈለት ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የማይጨው ነገር ነው። ራያና አዘቦ በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በመንግሥት ላይ ተነሥተው ነበር። እንዲያስገብሩ የታዘዙት ራስ ጕግሣ ወሌ ነበሩ፤ እርሳቸውም ከመንግሥት ተጣልተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ወደቁ። ልክ በ6 ዓመቱ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ሠራዊታችንም ወደ አሸንጌ ሲያፈገፍግ፣ ጣልያን ገንዘብና ጠመንጃ የሰጣቸው ራያና አዘቦዎች የደከመውን ወታደር ገደሉት። ይህን ማስተባበል አይቻልም፤ ማስተባበልም አይገባም። ሆኖም ያ ሰው መንግሥትን የሚያውቀው በዘማችና በገባር ሰብሳቢ ፊት ብቻ ነበር። ጣልያን ከወጣ በኋላም በ1935 ዓ.ም. ከወያኔዎች ጋራ እንደ ገና ተነሣ። የጣልያን ወዳጅነት በደሙ ቢኖር ኖሮ፣ ጣልያን በሌለበት ማን አነሣሣው?

ኋላም ራያና ቆቦ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ሆኖ ቆየ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ክልል በቋንቋ ሲከለል ቆቦ ወደ አማራ፣ አላማጣ ወደ ትግራይ ሄደ፤ አንድ አባት የወለዳቸው ወንድማማቾችም አንዱ በቆቦ አንዱ በአላማጣ ስለ ኖሩ ብቻ በመዝገብ ሁለት ሕዝብ ተብለው ተጻፉ።