ልብን የሚጠብቀው የወር መርፌ

ሐዋሳ ላይ ልጅ ቶንሲል ሲይዘው «ያልፋል» ብለን እንተወዋለን። አብዛኛውን ጊዜ ያልፋልም። አንዳንዴ ግን ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ ሊዋጋ የተነሳው የሰውነት መከላከያ፣ ሳምንታት ቆይቶ በራሱ ልብ ላይ ይዞርና ቫልቮቹን ያቆስላል። የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይኸው ነው። ቶንሲሉ በተመላለሰ ቁጥር ቁስሉም ይብሳል።

መድኃኒቱ ደግሞ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ጂን ስቶለርማን ቤንዛቲን ፔኒሲሊንን በወር አንዴ በመርፌ መስጠት ቶንሲሉ እንዳይመለስ እንደሚከላከል ያሳተመው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝና እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው፦ ጨው ሆኖ ስለተሠራ ቶሎ አይሟሟም፤ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ጠብታ መስኖ ቀስ እያለ ለሳምንታት ይለቃል። ፓምፕ የለው፣ ባትሪ የለው!

ያም ሆኖ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች 3,343 ሕሙማንን ያየው «ሬሜዲ» የተሰኘ ጥናት መከላከያውን ሲወስዱ ያገኘው ከግማሽ ብዙም ያልበለጡትን ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ባለሙያዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው በሽታውን ለማጥፋት የጋራ መግለጫ ሲያወጡ፣ የፔኒሲሊን አቅርቦት አንዱ ነጥባቸው ነበር።

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶ ነበር፤ ቁስሉ ገና ሲጀምር፣ ልጁ ሳይታመም፣ መርፌው ይጠቅማል ወይ? መልሱ መጣ። ኡጋንዳ ውስጥ 818 ልጆች በዕጣ ተከፍለው ለ2 ዓመት ተከታተሏቸው። መርፌውን ከወሰዱት የባሰባቸው 3 ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት 33 ናቸው። ልጆቹ የተገኙት ታመው ሐኪም ቤት መጥተው ሳይሆን በአልትራሳውንድ ተፈልገው ነው።