ናፍታ፣ አየርና የጅማ መንገድ

ናፍታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። በ1928–1933 ዓ.ም. የወረራ ዘመን በጅማ መንገድ የተመላለሱት የጭነት መኪኖች ግን ከቃል በላይ ፈተና አመጡ። በጅማ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ሜካኒካል ፖምፓ ግን ይህን አያውቅም። ለቆላ የተመጠነው ናፍታ በደጋ ይተርፋል፤ ትርፉም ጥቁር ጭስ ይሆናል።

ዛሬ ሞተሩን አሻሽሎ ሌላ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር የሚያስገጥም ሰውም ኢንጀክተር ሲመርጥ ጥያቄው ያው ነው፦ ሞተሩ የሚስበው አየር ምን ያህል ነዳጅ ያቃጥላል? ከልክ በላይ የተለቀ ኢንጀክተር ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ጥቂቷን ነዳጅ መጥኖ መርጨት ይሳነዋል።

ይህን ከጭሱ ቀለም የሚያነብቡ መካኒኮች እያረጁ ነው። እውቀታቸው ሳይጻፍ እንዳያልፍ፣ የታሪክ ተማሪዎች ሆይ፣ ከቤተ መዛግብት ባሻገር ወደ ጋራዥም ዝለቁ።