ድመቷ ሳጥኑን ለምን ሸሸች? ከበረሃ አሸዋ እስከ አረካ ሊሾ



አረካ ውስጥ በድሮ ግቢ ያደገ ሰው ድመት የት እንደምትጸዳዳ ተጨንቆ አያውቅም። ከጓሮ እንሰት አለ፤ ከእንሰቱ ሥር ለስላሳ አፈር አለ። ድመቷ ትወጣለች፣ ትጭራለች፣ ትጸዳዳለች፣ አፈር አልብሳ ትመለሳለች። ዛሬ ከተማው ሰፍቷል፤ ብዙ ግቢ ሊሾ ሆኗል፤ ብዙዎቻችንም የምንኖረው በኪራይ ክፍል ነው። አይጥ ሲያስቸግረን ድመት እናመጣለን፤ በር እንዘጋባታለን፤ አሸዋ ያለበት ሳጥን ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ጥግ ላይ እናስቀምጥላታለን። አንድ ቀን ግን ሳጥኑን ትታ ምንጣፍ ላይ፣ ሲብስም መስገጃችን ላይ ትጸዳዳለች። ከዚያ ዱላ ይከተላል። አንዳንዴም በማዳበሪያ አስረን ሩቅ ቦታ እንጥላታለን።

ከመፍረዳችን በፊት ግን ታሪኳን እንወቅ።

የቤት ድመት ዘሯ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ነው። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጡን ተከትላ ድመት መጣች። በቆጵሮስ ደሴት በተገኘ፣ ወደ 9,500 ዓመት ዕድሜ ባለው መቃብር ድመት ከሰው አጠገብ ተቀብራ ተገኝታለች። ከዚያ ደረቅ ምድር ይዛው የመጣችው ልማድ ዛሬም አልለቀቃትም፤ ለስላሳ መሬት ትፈልጋለች፣ ትጭራለች፣ ሽታዋን ከጠላት ትደብቃለች።

ሙስሊም ሊቃውንትም ይህን አስተውለዋል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የበስራው አል-ጃሒዝ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የግብፁ አድ-ደሚሪ ስለ እንስሳት በጻፏቸው ታላላቅ ኪታቦች ድመት ቆሻሻዋን እንደምትሸፍን አንስተዋል። ይህን የምታደርገው አይጥ ሽታዋን አውቆ እንዳይሸሽ ነው የሚሉም ነበሩ።

ከእነሱ በፊት በመዲና የሆነውን ደግሞ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውልናል። ሶሓባው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ውዱእ ሊያደርጉ የልጃቸው ሚስት ከብሻ ውኃ ቀዳችላቸው። ድመት መጣች፤ እሳቸውም እስክትጠጣ ድረስ ዕቃውን አዘነበሉላት። ከብሻ ተገርማ ስታያቸው፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ አይደለችም፣ በመካከላችሁ ከሚዘዋወሩት ናት ማለታቸውን ነገሯት። ድመት በዚያ ቤት ትወጣለች፣ ትገባለች። የተዘጋ በር፣ የፕላስቲክ ሳጥን የለም።

ሳጥኑ በዛሬ መልኩ የትናንት ነገር ነው። በብርዳማ አገሮች ድመት በቤት ውስጥ ሲያቆዩ አመድ ወይም አሸዋ ያደርጉላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ኤድዋርድ ሎው የተባለ ሰው ለጎረቤቱ በአሸዋ ፋንታ እርጥበት የሚመጥ የሸክላ አፈር ሰጣት። ጎረቤቲቱ ወደደችው፤ ሰውየውም በከረጢት እያደረገ መሸጥ ጀመረ። ድመት ግን በሺዎች ዓመታት አፈር የመረጠች ፍጥረት ናት። በአንድ ክፍል ዘግተንባት አንዲት ሳጥን ስንሰጣት፣ ሰፊውን ምድር በአንድ ክንድ ቦታ ለውጥልን እያልናት ነው።

ታዲያ ለምን ትሸሸዋለች? ብዙውን ጊዜ ሳጥኑ ስለቆሸሸ ነው። አፍንጫዋ ከእኛ እጅግ የረቀቀ ነው፤ እኛ ያልሸተተንን እሷ አትችለውም። በበረኪና አጥበን ሽታው ከቀረም ትርቀዋለች። ሳጥኑ ከምግቧ አጠገብ ወይም ሰው በሚረግጠው መተላለፊያ ላይ ሲሆን፣ ሌላ ድመት ስታስፈራራት፣ አፈሩ ጠጠር ሲሆንባትም እንዲሁ። አንዳንዴ ደግሞ በሽታ ነው፤ ሽንት ሲያቃጥላት ሕመሙን ከሳጥኑ ጋር ታያይዘዋለች። በተለይ ወንድ ድመት ደጋግሞ እያማጠ ሽንት ካልወጣው ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል፤ ሊሞት ይችላል።

እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንዲት ሴት በድመት ምክንያት ተቀጣች። ዘጋችባት፤ አላበላቻትም፤ ወጥታ የምድርን ተባይ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። በር የዘጋ ሰው ከበሩ ውስጥ ላለችው ኃላፊ ነው። ምግቧ አማና ከሆነ፣ የምትጸዳዳበት ቦታስ?

ምራቋ ንጹሕ ቢሆንም ሽንቷና ዓይነ ምድሯ በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ ነጃሳ ነው፤ መስገጃው መታጠብ አለበት። ግን እዚህም ትምህርት አለን። አንድ የገጠር ሰው በመስጂድ ውስጥ ሲሸና ሶሓቦች ሊነሱበት ሲሉ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተዉት አሉ፤ ከዚያ አንድ ባልዲ ውኃ እንዲደፋበት አዘዙ። አስተዋይ ለሆነ ሰው ይህ ርኅራኄ ከተደረገ፣ ለማታውቅ እንስሳ ዱላ ማንሳት ምን ይባላል? ብንመታት ደግሞ የምትማረው እኛን መፍራትና ተደብቃ መጸዳዳት ብቻ ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ቆሻሻውን በየቀኑ እናውጣ። ሳጥኑን ሽታ በሌለው ሳሙና እናጥበው። ጸጥ ባለ ጥግ፣ ከምግቧ ርቆ ይቀመጥ። ደቃቅ አሸዋ ወይም ከጓሮ የተነፋ ደረቅ አፈር ይበቃል። ሁለት ድመት ካለን ሦስት ሳጥን ይሻላል። ግቢው ከፈቀደ ደግሞ ከሊሾው ጥግ አንዲት መደብ አፈር እንተውላት፤ አያቶቻችን ሳያስቡት ያደረጉላት ይህንኑ ነበር።

አላህ ለፍጥረቱ አዛኞች ያድርገን። ወላሁ አዕለም።