ዕንቁዋን የቆጠረ ገበያ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ እሳቱንም ቆስቁሱልኝ። የዛሬዋ ባለታሪኬ ሰው አይደለችም፤ አንዲት ጠገራ ብር ናት።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1780 ማሪያ ቴሬዛ የምትባል የኦስትሪያ እቴጌ ሞተች። ሞተችና ምን ሆነ? መልኳ አልሞተም። ልጇ ነገሠ፣ የልጅ ልጇ ነገሠ፣ በኋላም ዘውዱ ራሱ ወደቀ፤ በብሩ ላይ ግን ያው ፊት፣ ያው 1780 ቀረ። ለምን ቢሉ፣ ገበያው ሌላ አልቀበልም አለ። ገበያው ማን ነው? እኛ ነና! እኛና ማዶ ያለው ዐረብ።

አባቶቻችን ብሩን ዝም ብለው አልተቀበሉም። አገላብጠው፣ በጣት ዳብሰው፣ በላዩ የተቀረጸውን የእቴጌዋን ዕንቁ አንድ በአንድ ቆጥረው ነው። የተፋቀ ከሆነ፣ «ውሰድልኝ!» ምኒልክ እንኳ የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር በእኛ አቆጣጠር በ1887 ቢያወጡ፣ ገበያው ሴትዮዋን ሊተዋት አልወደደም። ይባስ ብሎ ጣልያን ሊወረን ሲሰናዳ፣ በ1927፣ የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብሎ ያችኑ ብር ሮም ላይ ይመታ ጀመር። ጠላት እንኳ ምርጫችንን አጥንቶ መጣ!

ብሪቱ በየገበያው ዞረች፤ ከገንዘብነት በ1937 ብትሰናበትም ከአንገት አልወረደችም። እናቶች ጆሮ አስበጅተውላት ከዶቃ ጋር ሰክተው አጠለቋት። ዶቃውስ ቢሆን ከየት መጣ? የቬኒስ ዶቃ ነጋዴ ናሙናውን ካርድ ላይ ሰፍቶ ያዞር ነበር፤ ለዚህ አገር ይሄ ቀለም፣ ለዚያ አገር ያኛው። የማያውቀው ሰው አንገት ላይ የሚያምረውን ቬኒስ ተቀምጦ ያሰላ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሠሪው ትንሽ ልቁም። በጉራጌ አገር በእሳትና በመዶሻ የሚያድረው ባለሙያ ነፉራ ይባል ነበር። ቢላዋውንና መቆፈሪያውን ያበጀለት ሰው ልጁን አይድርለትም ነበር። ነውራችን ነው፤ ዘልዬው ባልፍ ደግሞ ሌላ ነውር ይሆንብኛል።

ያኔ በገበያው ቆጣሪዎቹ እኛ ነበርን፤ ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ላይ አንድ ወጣት አንጥረኛ አለ እንበል። መስቀል ሊሠራ፣ ሠርቶም ውጭ አገር ሊሸጥ ፈለገ። አሁን የሚቆጠርበት እሱ ነው። ጠገራዋ 28 ግራም ትመዝናለች፤ ከ1,000 እጅ ንጹሕ ብሯ 833 ነው። አሜሪካ ግን «ስተርሊንግ» ብሎ ለመሸጥ 925 ይጠይቃል። አቅልጦ ላስተካክላት ቢል፣ በአንዲቷ ላይ 34 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር መጨመር አለበት፤ ከራሷ ክብደት በላይ! እንግሊዝ ደግሞ በብርነቱ የሚሸጥ ዕቃ ከ7.78 ግራም ካለፈ ካልመረመርኩና ማኅተም ካልመታሁበት አይሸጥም ይላል፤ ከጠገራዋ የተሠራችው መስቀላችን 800 ተብላ ትታተማለች። ቀለል ያለች ጉትቻ ግን ያለ ማኅተም ታልፋለች። አያችሁ? ክብደቱን የሚወስነው የአንጥረኛው እጅ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ኒኬል ርካሽ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ብርም ይመስላል። አውሮፓ ግን ቆዳ ያሳክካል ብላ በሕግ ገደበችው፤ ለተበሳ ጆሮ የሚሆነው ከሁሉም የጠበቀ ነው። የወርቁን ነገር ብጀምርላችሁ ይመሽብናል፦ ዐረቡ ደማቁን 21 እና 22 ካራት ይወዳል፣ ጣልያን 18፣ አሜሪካ 14፣ እንግሊዝ በ9 ካራትም ያገባል።

እኔን ብትጠይቁኝ ጠገራዋን አታቅልጧት ባይ ነኝ። ንጹሕ ብር ተገዝቶ ይቅለጥ፤ እሷ ለናሙና ትቀመጥ።

ለመስቀል በዓል ከአሜሪካ የመጣች የልጅ ልጅ፣ ክትፎው እስኪቀርብ፣ ከአያቷ አንገት ላይ ያለችውን ጠገራ በእጇ ይዛ አየቻት እንበል።

«እማማ፣ ይሄ ስንት ነው? 925 ነው?»

አሮጊቷ ቁጥሩን ከየት ያውቁታል? የልጅቷን አውራ ጣት ይዘው ከእቴጌዋ ዕንቁ ላይ አሳረፉት።

«እስቲ ቁጠሪያቸው፣ ልጄ።»