ደብዳቤና አውታር

በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ነገር በመጀመሪያ ሲሰማ ሁለት የማይገናኙ ጉዳዮችን በግድ ያጋባ ሊመስል ይችላል። ይኸውም ቀኑን ሙሉ በፖስታ ቤት መስኮት ሲደክም የሚውል የመንግሥት ሠራተኛ ማታ ከቤቱ ገብቶ ቤዝ ጊታር ቢመታ፥ ለማዕርጉና ለሥራው ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለው ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ባልንጀራ ሳታዩ አልቀራችሁም፤ አንዳንዱ ሲያደንቀው፥ አንዳንዱ ደግሞ «ይህ ሰው አዝማሪ ሊሆን ነው ወይ?» እያለ ከኋላው ያማዋል። ሐሜቱ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ወደ ኋላ ተመልሶ ታሪክን መመርመር ያስፈልጋል። እኛም ከምሥራቅ ጎጃም፥ ከየጁቤ ገበያ እንጀምራለን።

የጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፥ በባሶ ሊበን የሚገኝ ከተማ ነው። ዛሬ ስሙን በካርታ ላይ ፈልጎ የሚያገኘው ጥቂት ሰው ቢሆንም፥ በ19ኛው መቶ ዓመት ግን የባሶ ገበያ እየተባለ በሰሜንና በደቡብ ነጋዴዎች ዘንድ ዝናው የተሰማ ነበረ። እንግሊዛዊው መንገደኛ ቻርልስ ቢክ በ1830ዎቹ ዓ.ም. በዚያ አገር ተቀምጦ ስለዚሁ ገበያ ጽፏል። ከዓባይ ማዶ፥ ከእናርያና ከከፋ፥ ቡናና ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል፤ ከሰሜን በኩል ደግሞ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። ልንሸሽገው የማይገባ ነገርም አለ፤ በዚያው ገበያ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ነጋዴ ከሸክሙ ጋር ወሬም ይዞ ይመጣልና፥ ፖስታ ቤት ባልነበረበት ዘመን ገበያው ራሱ የመልእክት መለዋወጫ ነበረ። ማን ሞተ፥ ማን ተሾመ፥ የትኛው መንገድ ተዘጋ የሚለው ሁሉ ከአሞሌው ጋር አብሮ ተዘርግቶ ይገኝ ነበር።

የታላላቅ ሰዎች ደብዳቤ ግን ለነጋዴ አይተውም ነበር። መልእክተኛው ወረቀቱን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ አጣብቆ፥ ከፍ አድርጎ እንደ ያዘ በእግሩ ይገሠግሣል፤ ዘንጉን ያየ ሁሉ የጌታ መልእክት መሆኑን ያውቃል። መንገዱን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ከሞጣ ወደ በጌምድር ለሚሻገር ሰው በዓባይ ላይ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነበረ። ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰብሮ «ሰባራ ድልድይ» የሚለውን ስም ይዞ ቀረ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፥ በወዲህና በወዲያ ማዶ በቆሙ ሰዎች ጉልበት እየተሳበ ይሻገር ነበር። ደብዳቤ ዘገየብን ብላችሁ በመስኮቱ ፊት ስታጉረመርሙ ይህን ገመድ ለጥቂት ጊዜ ብታስቡት አይከፋም።

እንግዲህ ከነጋዴውና ከመልእክተኛው ሌላ ሦስተኛ ወሬ አድራሽ ነበረ፤ እርሱም አዝማሪው ነው። ማሲንቆውን ታጥቆ ከግብር ቤት ወደ ግብር ቤት፥ ከገበያ ወደ ገበያ ይዞራል። ጀግናውን ያወድሳል፥ ፈሪውን በቅኔ ይወጋል፥ በአደባባይ ሊነገር የማይቻለውን በሰምና ወርቅ ሸፍኖ ያስተላልፋል። ወረቀት ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ጋዜጣውም ፖስታውም ይኸው ሰው ነበረ። ይህን ከእኛ ይልቅ አጥብቆ የተረዳው ጠላት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ ጥቂት ሳምንታት ሳይቈይ ግራዚያኒ ጠንቋዮችንና አዝማሪዎችን እያስያዘ አስፈጀ፤ ምክንያቱም የፋሺስት መንግሥት ሊወድቅ ነው የሚለውን ወሬ በሕዝቡ መካከል የሚያሠራጩት እነርሱ ናቸው በማለት ነበር። ባንዲት አውታር የሚጫወት ድኻ በንጉሠ ነገሥቱ ግቢ ከተያዘው መትረየስ እኩል ተፈራ ማለት ነው። በእነዚያው ዓመታት በብቸና አካባቢ በላይ ዘለቀ ሠራዊቱን ይዞ ሲዋጋ፥ በምሥራቅ ጎጃም ተራራና ገደል ወሬ የሚሄደው እንደ ቀድሞው በእግረኛና በአፍ ነበር።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ በፊት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታን ሥራ በአዋጅ አቋቁመው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የተቀረጹት ሙሾን በሚባል ፈረንሳዊ ሲሆን የታተሙትም በፓሪስ ነው። ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፥ በሦስቱ ላይ የአንበሳ ምስል ተቀርጾባቸዋል። በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል ሆነች። ባቡርም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የፖስታው ከረጢት ከበቅሎ ጀርባ ወደ ፉርጎ ተዛወረ። ይህ እድገት የሚያስመሰግን ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ግን ቀስ በቀስ ተለየ፤ መልእክት ከዜማ ተፋታ። ደብዳቤ የሚያደርሰው ሰው ደመወዝተኛ ሆነ፥ ማኅተምና መዝገብ ተሰጠው፥ ተከበረ። ዘፋኙ ግን እዚያው ገበያ ላይ ቀረ።

የፖስታ ሠራተኛው ሥራ ምን ያህል ጊዜ የሚያጠፋ መሆኑን ከመስኮቱ ውጭ የቆመ ሰው በቀላሉ አይገምተውም። ከረጢቱ ተፈትቶ ደብዳቤው በየአገሩ ይለያል፤ ቴምብሩ በማኅተም ይመታል፤ የአደራ ደብዳቤው በቁጥር ተመዝግቦ በፊርማ ይወጣል፤ ሐዋላው ይቈጠራል፤ ጥቅሉ ይመዘናል። በአገራችን ደብዳቤ በየቤቱ ስለማይታደል፥ ሁሉም ወደ ፖስታ ሣጥኑ ይመጣል፤ ሣጥኑን ባዶ ያገኘው ሰው የሚቈጣው በጸሐፊው ላይ ሳይሆን በሠራተኛው ላይ ነው። ገናና ፋሲካ ሲቀርብ ደግሞ የመልካም ምኞት ካርዱ ጠረጴዛውን ይሸፍነዋል። ሥራው በትክክል የተሠራ እንደ ሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ አንዲት ደብዳቤ የጠፋች ዕለት ግን ስሙ በየቢሮው ይነሣል።

ከዚህ ላይ ነው ቤዝ ጊታሩ የሚመጣው። በሙዚቃ ጓድ ውስጥ የዚህ መሣሪያ ዕድል ከፖስታ ሠራተኛው ዕድል ጋር ይመሳሰላል፤ ሲጫወት የሚሰማው ጥቂት ነው፥ ሲያቆም ግን ዘፈኑ መሠረት እንደ ሌለው ቤት ይናጋል። አራት ወፍራም አውታሮች አሉት፤ የተለመደው ቅኝታቸው ሚ፥ ላ፥ ሬ፥ ሶል ሲሆን ድምፃቸው ከተራው ጊታር አንድ ስምንዮሽ ዝቅ ይላል። በፊት ይህን ሥራ የሚሠራው ከሰው ቁመት የሚበልጠው ኮንትራባስ ነበረ፤ ለማጓጓዝ እንኳ ከባድ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1951 ሊዮ ፌንደር የተባለ አሜሪካዊ እንደ ጊታር በአንገት የሚንጠለጠለውን፥ ለጣት መጫኛው በብረት የተከፋፈለውን ቤዝ ለገበያ አወጣ። ድምፁን በትክክል ለማግኘት ብረቶቹ ስለሚረዱ «ፕሪሲዥን» ብሎ ሰየመው። ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች የሚያስደስተው ነገር ይህ ነው፤ ፌንደር በካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፥ በኋላም የራዲዮ ጥገና ሱቅ ከፈተ፤ ጊታር መጫወት ግን አያውቅም ነበር።

በአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ያደገው በመንግሥት ደመወዝ ነው። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የመጀመሪያውን የመንግሥት ሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ፤ ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ጓዶች ተነሡ፥ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ቴአትርም ኔርሰስ ናልባንዲያንን አገኘ። ሙዚቀኛው የደንብ ልብስ ለባሽ፥ መለዮ አድራጊ ሆነ። ይህም ሐሜቱን ለዘበ እንጂ አላጠፋውም። ወታደሩ ታዝዞ ቢዘፍን ግዴታው ነው ተባለ፤ ጸሐፊው በፈቃዱ ቢጫወት ግን «ምን ጐድሎት ነው?» ይባላል። እኔ ይህን ፍርድ ትክክል ነው ብዬ አልቀበለውም፤ ምክንያቴም ከውጭ አገር የመጣ አይደለም።

በገናን አስቡ። አሥር አውታር ያለው፥ ድምፁ ከሁሉም የአገራችን መሣሪያ የወፈረ ነው። በድምፅ ማሳረፊያው ላይ በየአውታሩ ሥር «እንዚራ» የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባልና፥ አውታሩ ሲነካ እንደ ንብ ይርመሰመሳል። ይህን መሣሪያ የሚመቱት ለግብር ቤት አልነበረም፤ መኳንንቱና ሊቃውንቱ፥ ይልቁንም በዐቢይ ጾም፥ በቤታቸው ተቀምጠው ከፈጣሪያቸው ጋር ይነጋገሩበት ነበር። ችሎት ሲያስችል የዋለ ዳኛ ማታ በገናውን ቢያነሣ አዝማሪ ሆነ ያለው ማንም የለም። በእኛው አገር ባለ ሥራ ሰው ለራሱ ብሎ ወፍራም አውታር መምታቱ የቈየ ልማድ ነው ማለት ነው። በእርግጥ ቤዝ ጊታር ለጸሎት የተሠራ አይደለም፥ እኔም ሁለቱን አንድ ናቸው አልልም፤ የምናገረው ስለ ሰውየው ማዕርግ ነው።

ከአሜሪካ አንድ ሰው ልጥቀስ። ጆን ፕራይን የሚባለው ዘፋኝ በኢሊኖይ፥ በሜይዉድ ከተማ ደብዳቤ አዳይ ነበረ፤ በየበሩ እየዞረ ደብዳቤ ሲያድል ግጥሙን በልቡ ያዘጋጅ ነበር፥ የመጀመሪያው ሸክላውም በ1971 በፈረንጆች ወጣ። ከእኛም ወገን ኃይሉ መርጊያ አለ። በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ከዋልያስ ባንድ ጋር፥ በሰዓት እላፊው ዘመን ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር፤ በዚያው ባንድ ውስጥ ቤዙን የሚመታው መላከ ገብሬ ነበረ። ጓዱ በፈረንጆች በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ እዚያው ቀረ፥ ኑሮውንም በዋሽንግተን የታክሲ ሹፌርነት አቋቋመ። ኪቦርዱን በመኪናው ዕቃ መጫኛ ይዞ፥ በአውሮፕላን ማረፊያው መንገደኛ ሲጠብቅ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። በ1985 ብቻውን የቀዳው ካሴት በ2013 እንደ ገና ታትሞ ሲወጣ ወደ መድረክ ተመለሰ። መድረኩ ባይመለስስ ኖሮ ልምምዱ ከንቱ ይሆን ነበር ትላላችሁ? እኔ አይመስለኝም።

ለመጀመር የምታስቡ ብትኖሩ አንድ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ቤዝ ጊታር ካለ ድምፅ ማጉያ ቢመታ ድምፁ ከመቺው ጕልበት አልፎ ብዙ ርቆ አይሄድም። የተከራያችሁት ክፍል ግድግዳው ጭቃ፥ ጎረቤታችሁም እንቅልፍ የሚወድ ቢሆን፥ ከራት በኋላ አንድ ሰዓት መለማመድ ይቻላል፤ የመዝገቡ ቀለም የነካው ጣት ግን አስቀድሞ በሳሙና ይታጠብ፥ አውታሩን ያዝገዋልና።